ፍሪጌት እንዴት ይሠራል፣ በምንስ ይበላሻል?

ቀንም ሌሊትም አዳማን አቋርጠው ወደ ሞጆና ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት ባለ ኮንቴይነር ተሳቢዎች ጭነታቸውን ያነሱት ከጂቡቲ ነው። ዕቃው ጂቡቲ እስኪደርስ የመጣበት የባሕር መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከቻይናና ከህንድ የሚመጣው በህንድ ውቅያኖስ አድርጎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስለሚገባ ባብ ኤል መንደብን አይሻገርም። ከአውሮፓ፣ ከቱርክና ከጥቁር ባሕር የሚጫነው ብረት፣ ማሽንና ስንዴ ግን በስዊዝ ቦይ ገብቶ፣ ቀይ ባሕርን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ በዚያች ጠባብ በር ነው የሚወጣው። በሩ በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዳማ ሞጆ ካለው መንገድ ብዙም አይበልጥም።

ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በዚህ መስመር በሚያልፉ የንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲከፍቱ «ፍሪጌት» የሚለው ቃል በዜና ተደጋገመ (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የፈረንሳይዋ ፍሪጌት ላንግዶክ በዲሴምበር 9 ቀን 2023 ወደ እሷ ያመሩ ሁለት ድሮኖችን መትታ ጣለች። የአውሮፓ ኅብረት በፌብሩዋሪ 2024 አስፒደስ የተባለውን የአጃቢነት ዘመቻ ሲጀምርም ያሰማራቸው በዋናነት ፍሪጌቶችን ነበር።

ፍሪጌት መካከለኛ የጦር መርከብ ነው። ከኮርቬት ይተልቃል፣ ከዲስትሮየር ያንሳል ይባላል፤ ነገር ግን በስሙ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። አንዱ አገር ፍሪጌት ያለውን ሌላው ዲስትሮየር ሊለው ይችላል። የጀርመኗ ባደን ቩርተምበርግ ከ7,000 ቶን በላይ እየመዘነች ፍሪጌት ነው የምትባለው። ዋናው የሥራ ድርሻው ነው፦ የሌላውን መርከብ ማጀብ፣ ሰርጓጅ መርከብ ማደን፣ ከወደብ ርቆ ለሳምንታት መቆየት። እነዚህን ሦስቱን በአንድ የብረት ገላ ውስጥ ማስማማት ነው ነዳፊዎቹን የሚያስጨንቃቸው። አንዱን ሲጨምሩ ከሌላው ይቀንሳሉ።

ለምሳሌ የሚሆነን ፈረንሳይና ጣሊያን በጋራ የነደፉት ፍሬም የተባለው የፍሪጌት ዝርያ ነው። የፈረንሳዩ 142 ሜትር ይረዝማል፣ ከእግር ኳስ ሜዳ በላይ ማለት ነው። ወርዱ 20 ሜትር፣ ክብደቱ 6,000 ቶን ገደማ ነው። ሎሪያን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ከተሠሩት መካከል ስምንቱ ከ2012 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ለራሷ ለፈረንሳይ ባሕር ኃይል ተሰጥተዋል። ሞሮኮ አንድ ገዝታለች፤ ግብፅ አንድ ከፈረንሳይ፣ ሁለት ደግሞ ከጣሊያን ወስዳለች።

የጋሪ ፈረስና የግልቢያ ፈረስ

ውሃ ውስጥ ፍጥነት በጣም ውድ ነው። የሚያስፈልገው ጉልበት የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በግምት በፍጥነቱ ኩብ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ፍሬም ፍሪጌት በ15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር) ከሚፈልገው ይልቅ በ27 ኖት (50 ኪሎ ሜትር) ወደ ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይፈልጋል። ከዕድሜው አብዛኛውን የሚያሳልፈው ግን በዝግታ በመጓዝ ነው። ጋሪ የሚጎትት ፈረስና ለግልቢያ የሚሆን ፈረስ እንደሚለያዩ ሁሉ፣ ለዝግታና ለሩጫ የሚሆነውን በአንድ ሞተር መሸፈን ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ተገጠመለት። ለዝግታው እያንዳንዳቸው ከ2 ሜጋ ዋት ትንሽ የሚበልጡ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ፤ መብራቱን የሚያገኙት ከአራት የናፍጣ ጄኔሬተሮች ነው። በዚህ አካሄድ በ15 ኖት 6,000 የባሕር ማይል፣ ማለትም 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ ሳይሞላ መሄድ ይችላል። ለሩጫው ደግሞ 32 ሜጋ ዋት የሚያወጣ አንድ የጋዝ ተርባይን አለ። ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ ለአዳማ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፦ ከከተማው አጠገብ ያለው አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሆኑ 34 ማማዎች አሉት። ከነዚህ 21ዱ በሙሉ ነፋስ ሲሽከረከሩ የሚያወጡትን ያህል ጉልበት ነው መርከቡ ውስጥ ከአንድ ክፍል የሚወጣው።

ተርባይኑ የዲሲ 10 አውሮፕላንን ያበረር ከነበረው ሞተር የተወለደ ነው። ክብደቱ ከጉልበቱ አንጻር ቀላል ነው፣ ቶሎ ይነሳል። ሁለት ጠባይ ግን አለው። በዝግታ ሲሠራ ነዳጅ ያባክናል፤ በዚያ ላይ አየር በብዛት ስለሚስብ ከአየሩ ጋር የባሕሩን ጨው ይስባል። ጨው በተርባይኑ ምላጮች ላይ ሲጋገር ጉልበቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ምላጮቹም ይበላሉ። ለዚህ ነው በአየር መግቢያው ላይ ጨውና እርጥበት የሚይዙ ማጣሪያዎች የሚደረደሩት፣ መጭመቂያውም በየጊዜው በንጹሕ ውሃ የሚታጠበው። ትልቅ ጥገና ሲያስፈልገው መርከቡ ውስጥ አይፈታም። ባለበት ሳይከፈት በአየር መሳቢያው ቦይ በኩል ሽቅብ ተጎትቶ ይወጣና ሌላ ይገባል። መርከቡ ሲነደፍ ይህ መንገድ ክፍት ሆኖ ካልተተወ ሞተር ለመቀየር የመርከቡን ብረት መቁረጥ ሊመጣ ነው።

በፈረንሳዩ ፍሬም ወይ ኤሌክትሪኩ ወይ ተርባይኑ ይሠራል፤ በጣሊያኑ ሁለቱ ተደርበው መሥራት ይችላሉ። በሁለቱም አንዱ ተርባይን በትልቅ ካምቢዮ በኩል ሁለቱን ሻፍቶች (ፕሮፔለሮቹን የሚያዞሩትን ዘንጎች) ያዞራል። ደካማ ጎኑም እዚህ ላይ ነው። ካምቢዮው ከተጎዳ ሩጫው ቀረ።

የኤሌክትሪክ ሞተር የተመረጠው ለነዳጅ ብቻ አይደለም። ጸጥታው ዋና ምክንያት ነው። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ ሩቅም ይደርሳል። የሚጮህ ፍሪጌት ሰርጓጁን ሳይሰማው ሰርጓጁ አስቀድሞ ይሰማዋል። ስለዚህ ጄኔሬተሮቹ በላስቲክ መደገፊያዎች ላይ ይቀመጣሉ፣ ንዝረታቸው ወደ መርከቡ ብረት እንዳያልፍ። ከዓመታት በኋላ ላስቲኩ ሲደርቅ፣ ወይም አንድ ሠራተኛ ሳያስብ ቧንቧ ከግድግዳው ጋር አጥብቆ ሲያስር፣ መርከቡ መጮህ ይጀምራል። ያንን ድምፅ ፈልጎ ማግኘት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

የማድመጫው መሣሪያ ሶናር ይባላል። አንዱ ከመርከቡ አፍንጫ ሥር ይገጠማል፤ ዋነኛው ግን በረጅም ገመድ ከመርከቡ ኋላ ወደ ጥልቁ የሚጎተተው ነው። ለምን ይጎተታል? በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በቀትር የሚነዳ ሰው አስፋልቱ ላይ ውሃ የተኛ ይመስለዋል። ሲደርስ ግን የለም። የጋለው አየር ብርሃኑን ስላጎበጠው ነው። ባሕር ውስጥም ላይኛው ውሃ ሞቃት፣ የታችኛው ቀዝቃዛ ሲሆን ድምፅ እንዲሁ ይጎብጣል። ሰርጓጁ ከሙቀቱ ድንበር በታች ሲገባ ከላይ ያለው ሶናር አያየውም። ጆሮን ከድንበሩ በታች ማውረድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዋጋው ደግሞ ገመዱ ውጭ እያለ መርከቡ እንደልቡ መሮጥና መታጠፍ አለመቻሉ ነው። ከዚያ ራቅ ያለውን ቦታ የሚያስሰው በጀርባው ላይ የሚያርፈው ሄሊኮፕተር ነው።

መቶ ሰከንድ

ራዳር ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው፣ ምድር ደግሞ ክብ ናት። ራዳሩ ከውሃው 25 ሜትር ከፍ ብሎ ቢሰቀልና ሚሳኤሉ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው በ5 ሜትር ከፍታ ቢመጣ፣ መጀመሪያ የሚታየው 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። በሰከንድ 300 ሜትር የሚበር ከሆነ እስኪመታ 100 ሰከንድ ቀረ። በዚህች ጊዜ ውስጥ ነገሩን ማየት፣ ወፍ ወይም ማዕበል አለመሆኑን ማረጋገጥ፣ ወዳጅ ወይስ ጠላት መሆኑን መለየት፣ መሣሪያ መመደብና መተኮስ አለ። የሚተኮሰው አስተር 15 ሚሳኤል ከድምፅ ሦስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይም ይደርሳል። የመጀመሪያው ቢስት ሁለተኛ ለመሞከር ጊዜ የሚኖረው ቀድሞ የተኮሰ ብቻ ነው። የራዳሩ ምሰሶ እንዲያ ከፍ የሚደረገውም ለውበት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሜትር ሰከንድ ይገዛል። ከላይ የሚጨመር ክብደት ግን መርከቡን ለመገልበጥ ያቀርበዋል፣ ስለዚህ ምሰሶው ያለ ገደብ አይረዝምም።

ሌላው ጣጣ ቁጥር ነው። የፈረንሳዩ ፍሬም ሚሳኤል ቀጥ ብሎ የሚቆምባቸው 32 ጉድጓዶች አሉት። በመደበኛው ዓይነት ከነዚህ 16ቱ ለአስተር፣ 16ቱ ወደ የብስ ለሚተኮስ ሚሳኤል ናቸው። አልሳስና ሎሬን የተባሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ግን 32ቱንም ለአየር መከላከያ ሰጥተዋል፤ አልሳስ በማርች 2024 ሦስት ባሊስቲክ ሚሳኤሎችን ቀይ ባሕር አካባቢ መትታ ጥላለች። ያለው ካለቀ ባሕር ላይ መሙላት የለም። ወደብ ገብቶ፣ በክሬን አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ነው። አንድ አስተር ወደ ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል፤ የሚተኮስበት ድሮን ከዚያ እጅግ የረከሰ ነው። ስለዚህ አዛዦች ለቀላሉ ዒላማ በደቂቃ እስከ 120 ጥይት የሚተፋውን 76 ሚሊ ሜትር መድፍ ወይም የሄሊኮፕተር መትረየስ ይመርጣሉ። ያ ደግሞ ዒላማው ይበልጥ እስኪቀርብ መጠበቅ ነው።

ራዳሩም ሚሳኤሉም መድፉም ለየብቻ ደህና ሆነው አንድ ላይ ላይሠሩ ይችላሉ። የዴንማርኳ ፍሪጌት ኢቨር ሁይትፌልት በማርች 9 ቀን 2024 በቀይ ባሕር አራት ድሮኖችን ጥላለች። በዚያው ውጊያ ግን ራዳሯና የውጊያ ማዘዣ ኮምፒውተሯ ሳይግባቡ ቀርተው ለግማሽ ሰዓት ያህል ሚሳኤሎቿን መተኮስ አልቻለችም፤ ከመድፏ የወጡ ጥይቶችም አንዳንዶቹ ዒላማው ዘንድ ሳይደርሱ በቅርብ ፈነዱ። ነገሩ ሲወጣ የዴንማርክ ጦር አዛዥ በአፕሪል መጀመሪያ ከቦታቸው ተነሱ። የጀርመኗ ሄሰን ደግሞ በፌብሩዋሪ ወር ማንነቱ ባልታወቀ ድሮን ላይ ሁለት ሚሳኤል ተኩሳ ሁለቱም ሳቱ፤ ድሮኑ የአጋር አገር ሆኖ ተገኘ። በሚሳኤሎቹ ብልሽት አንድ የወዳጅ ድሮን ተረፈ። እነዚህ ሁለት ክስተቶች የሚያሳዩት ፍሪጌት የሚፈተነው መሣሪያዎቹ በሚገናኙበት መስመር ላይ መሆኑን ነው። ያንን መስመር በሰላሙ ጊዜ በእውነተኛ ተኩስ ደጋግሞ መፈተን ገንዘብ ስለሚበላ ብዙዎች ይቆጥቡታል።

አንድ ሻፍት ያሰመጣት መርከብ

የጦር መርከብ ከሥሩ አንድ ሰፊ ገንዳ አይደለም። ውሃ በማያሳልፉ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ነው። ሁለት ሦስት ክፍል ቢሞላ የቀሩት ያንሳፍፉታል። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ግድግዳው እውነተኛ ግድግዳ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

የኖርዌይ ፍሪጌት ሄልጌ ኢንግስታድ፣ ስፔን የተሠራች፣ 134 ሜትር የምትረዝም፣ በኖቬምበር 8 ቀን 2018 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በ17 ኖት አካባቢ እየተጓዘች ነበር። 137 ሰዎች ነበሩባት። ማንነቷንና ቦታዋን ለሌሎች መርከቦች የሚያሳውቀው መሣሪያዋ የሌላውን ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ነበር። የአዛዥ ድልድዩ (መርከቧ የምትመራበት ክፍል) ተረኞች ከተቀያየሩ ብዙም አልቆየም። ከፊት ለፊት ሶላ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከነዳጅ መጫኛ ተርሚናል ወጥታ፣ የመርከብ ወለል መብራቶቿን እንዳበራች ትመጣለች። ፍሪጌቷ ላይ ያሉት ያንን የመብራት ብዛት የማይንቀሳቀስ ነገር ነው ብለው አመኑ። ነዳጅ ጫኟ ደጋግማ ጠርታ ነበር፤ ትርጉሙ ሲገባቸው ጊዜው አልፏል። የፍሪጌቷ የቀኝ ጎን እንደ ቆርቆሮ ተቀደደ።

እስከዚህ ድረስ የመንዳት ጥፋት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የንድፍና የዝግጅት ነው። ሠራተኞቹ ሦስት ክፍሎች እየሞሉ መሆኑን ለዩ፦ የኋለኛው ጄኔሬተር ክፍል፣ የመርከበኞች መኝታና መጋዘን። በሒሳቡ መርከቧ ክፉኛ ብትጎዳም ትንሳፈፋለች። ትንሽ ቆይቶ ግን ካምቢዮው ያለበት ክፍል፣ ምንም ሳይቀደድ፣ ውሃ እየሞላው መጣ። ውሃው የመጣው በሻፍቱ ውስጥ ነበር። የመርከብ ሻፍት ብዙውን ጊዜ ባዶ ቱቦ ነው፤ ይቀልላል፣ የፕሮፔለሩን ምላጭ አንግል የሚቀይረው ዘይትም በውስጡ ያልፋል። ጄኔሬተሩ ክፍል የገባው ባሕር በዚያ ቱቦ ከግድግዳው ማዶ ተሻገረ። ከካምቢዮው ክፍል ደግሞ ሻፍቱ ግድግዳውን በሚበሳበት ቦታ ባለው ማሸጊያ እያለፈ ሁለቱን የሞተር ክፍሎች ማጥለቅለቅ ጀመረ። ግድግዳዎቹ ቆመዋል፣ ውሃው ግን በመሃላቸው መንገድ አገኘ።

ሰዎቹ በሙሉ ተረፉ፤ ጥቂቶች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው። መርከቧ ግን ሰጠመች፣ በቀጣዩ ዓመት ከውሃ ወጥታ መጨረሻዋ ብረታ ብረት ሆነ። የ2021 የምርመራ ሪፖርት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ሲለቋት በሮቿና መክፈቻዎቿ በወጉ ተዘግተው ቢሆን ኖሮ መስመጧን ማስቀረት ይቻል ነበር። ሠራተኞቹ ሌሊት፣ መብራት በተጓደለበት፣ መርከቧ እያዘነበለች ለደረሰባቸው ነገር የሚበቃ ልምምድ አልነበራቸውም።

ይህ ነገር ከሰው ቁጥር ጋር ይያያዛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገልግሎት የጀመሩት የፈረንሳይ ፀረ ሰርጓጅ መርከቦች ከ230 ሰው በላይ ይፈልጉ ነበር፤ ፍሬም በአውቶማቲክ መሣሪያ ብዛት ወደ መቶ አካባቢ ወርዷል። ደመወዝና ምግብ ይቆጥባል። እሳት ሲነሳና ውሃ ሲገባ ግን ቧንቧ ይዞ የሚሮጥ፣ የሚደግፍ፣ የሚተካ ሰው ያንሳል። ፈረንሳዮቹም ከመጀመሪያው ዕቅድ ላይ ሰው መጨመር ግድ ሆኖባቸዋል። እኛ እንደምናየው ከፍሪጌት ላይ ሊቆጠብ የማይገባው አንዱ ይህ ነው።

ስምንት ያለው ስምንት የለውም

አንድ አገር ስምንት ፍሪጌት አለው ሲባል ስምንቱ ባሕር ላይ ናቸው ማለት አይደለም። የተለመደው ስሌት ሦስት ለአንድ ነው፦ አንዱ ግዳጅ ላይ፣ ሌላው ልምምድ ላይ፣ ሦስተኛው ጥገና ላይ። ፈረንሳይ ከ2019 ጀምሮ በአንዳንዶቹ ፍሬም መርከቦች ላይ ሁለት ሙሉ ቡድን መድባ በየተራ ታሰማራለች። ሰዎቹ ያርፋሉ፣ መርከቡ ይበልጥ ይሠራል። ብረቱ ግን አያርፍም፤ የጥገናው ቀን ቶሎ ይመጣል።

ሙቀት የራሱ ፈተና ነው። የቀይ ባሕር ውሃ በሞቃቱ ወራት ከ30 ዲግሪ ያልፋል። መርከብ ሞተሩንም ኮምፒውተሩንም የሚያቀዘቅዘው በባሕሩ ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው ሲሞቅ ሁሉም ይጨነቃል። የእንግሊዝ ታይፕ 45 ዲስትሮየሮች ተርባይናቸው ላይ የተገጠመው አየር ማቀዝቀዣ በሞቃት ባሕር እየደከመ መርከቦቹ መሐል ባሕር ላይ ኃይል እስከማጣት ደርሰዋል። መፍትሔው የናፍጣ ጄኔሬተሮቹን በትላልቅ ሦስት መተካት ሆነ፤ ለዚያም የመርከቡን ጎን መክፈት አስፈለገ።

እርጅናም አለ። የእንግሊዝ ታይፕ 23 ፍሪጌቶች ለ18 ዓመት ተብለው ተነድፈው ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ አሉ። አይረን ዱክ የተባለችው ለትልቅ ጥገና ገብታ የወጣችው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያረጀ መርከብ ሲከፈት የሚገኘው ዝገት ከግምቱ ይበዛል፤ አንዱን ላሜራ ቆርጦ ሲያወጡ አጠገቡ ያለውም ብየዳ የማይቀበል ሆኖ ይገኛል።

ያለቀ ንድፍ ገዝቶ መለወጥም ከዚህ አያድንም። አሜሪካ በ2020 የጣሊያኑን ፍሬም መሠረት አድርጋ ኮንስቴሌሽን የተባለ ዝርያ አዘዘች። መጀመሪያ 85 በመቶው ከዋናው ጋር አንድ ይሆናል ተባለ፤ ለውጡ ሲደራረብ ተመሳሳይነቱ ከ15 በመቶ በታች ወረደ፣ መርከቡም ከታሰበው 759 ቶን ከበደ። ንድፉ ሳያልቅ ግንባታው ተጀምሮ ስለነበር ዓመታት ዘገየ። በኖቬምበር 2025 ከሁለቱ በስተቀር የቀሩት ተሰረዙ።

በዝግታ ለመጓዝ ትንሽ ሞተር፣ ለሩጫ ተርባይን የሚለው ሐሳብ ኢትዮጵያ ዘንድ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ሁለት የፔትያ ዝርያ ፍሪጌቶች መሐል ላይ አንድ የናፍጣ ሞተር፣ ከግራና ከቀኙ ሁለት የጋዝ ተርባይን ነበራቸው። አንዷ ዘርአይ ደረስ ትባል ነበር። በ1991 የአገሪቱ የባሕር ወደብ ሲያበቃ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ ጎረቤት አገሮች ተበተኑ። ጂቡቲ ላይ የቆሙት የወደብ ኪራያቸው ሳይከፈል ተጠራቅሞ በ1996 ለጨረታ ቀረቡ፤ አብዛኞቹም የተሸጡት ለብረታ ብረት ነው።